‹‹ስንኙ ሁሉ ገጠመልኝ፤ ልቆፍር ወይ?››

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ ባይረን ፕራይስ የሚባል አሜሪካዊ አሳታሚ በ1982 ያወጣውን ‹‹ዘ ሲክረት›› የተባለ መጽሐፍ እንቆቅልሽ ለመፍታት እየለፋሁ ነው። መጽሐፉ 12 ሥዕልና 12 ግጥም አለው። ሥዕሉን ከግጥሙ በትክክል ያጣመረ ሰው ፕራይስ በየከተማው የቀበራቸው 12 ሙዳዮች ያሉበትን ቦታ ያገኛል። እስካሁን የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ እዚሁ ኸርማን ፓርክ ውስጥ ነው ይባላል። ግጥሙ ላይ ያለውን ‹‹ዘጠኝ ስምንት ሁለት›› የሚል ቁጥር ይዤ ተነስቼ አሁን አንድ ዛፍ ሥር ደርሻለሁ። ቆጥሬዋለሁ፣ 31 ነገር ገጥሞልኛል። ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ፣ ልገዛ ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት ሰው ሳያየኝ ልቆፍር ወስኛለሁ። ባለቤቴ ግን ‹‹ልጆቹን እኮ ረሳሃቸው›› ብላ ካኮረፈች ሰነበተች። እውነት ፈትቼዋለሁ? በምን ላረጋግጥ?
እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሂውስተን

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቅዳሜ ሌሊት አይቆፍሩ። ሜታል ዲቴክተሩንም አይግዙ። ይህን የምንልዎ ልፋትዎን አቅልለን አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ እውነተኛ መነሻ አለ፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። ግን መነሻ ይዞ ዛፍ ሥር መድረስና እንቆቅልሽ መፍታት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በመሣሪያው እንጀምር። ፕራይስ የቀበረው በፕሌክሲግላስ (እንደ መስታወት በጠራ ፕላስቲክ) ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ሙዳይ ነው። ሙዳዩ ውስጥ ያለው ትንሽ ቁልፍ እንጂ ዕንቁ አይደለም፤ ዕንቁው የሚሰጠው ቁልፉን ላቀረበ ሰው ነው። መሣሪያው የሚጮኽልዎ ለቢራ ቆርኪ፣ ለሚስማርና ለሣር ማጠጫ ቱቦ መጋጠሚያ ይሆናል። ከፕራይስ በፊት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኪት ዊሊያምስ እንዲህ ላለ የራሱ የእንቆቅልሽ መጽሐፍ በ1979 የወርቅ ጥንቸል ሲቀብር በሸክላ ዕቃ ያሸገው፣ አንድም ከአፈሩ ሊከላከልለት፣ አንድም ሰው በእንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳያወጣው ብሎ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ 31ዱ። ፓርክ ውስጥ የሌለ ምን አለ? ሐውልት፣ ደረጃ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ኩሬ፣ ድልድይ፣ በረድፍ የተተከለ ዛፍ፣ የመታሰቢያ ጽሑፍ፤ ሁሉም አለ። የግጥሙ ስንኞች ደግሞ አጫጭርና ልል ናቸው። እንዲህ ያለ ስንኝ ይዞ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ዓመት የተመላለሰ ሰው 31 ግጥጥሞሽ ባያገኝ ነበር የሚገርመው። በዊሊያምስ ጥንቸል ጊዜ ሔርስፊልድ ቢከን የሚባል ኮረብታ በፈላጊዎች ተወርሮ ነበር፤ ስሙ ራሱ ‹‹ሔር››፣ በእንግሊዝኛ ጥንቸል፣ የሚለውን ቃል ይዟል። በመጨረሻ ሠዓሊው ከኪሱ ከፍሎ ‹‹ጥንቸሏ እዚህ አካባቢ የለችም›› የሚል ምልክት አስተከለ። እዚያ የቆፈረው ሁሉ እንደ እርስዎ የሚቆጥረው ግጥጥሞሽ ነበረው።

ስለዚህ አካፋ ከመያዝዎ በፊት ይህን ሙከራ ያድርጉ። ማንም ሰው ሙዳይ አለበት ብሎ የማይጠረጥረው ሌላ ፓርክ ይምረጡ፤ ሂውስተን ውስጥ ሜሞሪያል ፓርክ ይበቃል። ያንኑ ግጥም ይዘው በሁለት ቅዳሜ ሦስት ሦስት ሰዓት ይዙሩ። ኸርማን ፓርክ ላይ የተጠቀሙበትን ልግስና እዚህም አይንፈጉ፦ እዚያ ‹‹ይህ ጥላ ወፍ ይመስላል›› ብለው መዝግበው ከሆነ፣ እዚህም ወፍ የሚመስለውን ሁሉ ይመዝግቡ። በስድስት ሰዓት ውስጥ አሥር ግጥጥሞሽ ካገኙ፣ የዓመቱ 31 ምንም የሚናገረው ነገር የለም ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ካገኙ ግን ኸርማን ፓርክ ላይ ያገኙት ክብደት ይኖረዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚረክስ፣ ከዚህም ይበልጥ ሰዎች የሚሸሹት ሙከራ የለም።

ቀጥሎ ደብተርዎን እንደገና ይጻፉ። ገጹን በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ስንኙ፤ በሁለተኛው እርስዎ የሰጡት ፍቺ፤ በሦስተኛው ‹‹ይህን ፍቺ ምን ያፈርሰዋል?›› የሚለው ጥያቄ ይግባ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሚሆንበት ፍቺ፣ ማለትም ምንም ቢመጣ የማይፈርስ ፍቺ፣ ማስረጃ አይደለምና ይሰረዝ። አንድ ለየት ያለ ዳኛ ደግሞ ቤትዎ ውስጥ አለ። ባለቤትዎ ዛፉ የት እንዳለ አያውቁም። ስንኙን ብቻ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይስጧቸውና ‹‹እዚህ ፓርክ ውስጥ ይህ ምንን ይመስልሻል?›› ብለው ይጠይቋቸው። ሳይነገራቸው እርስዎ የደረሱበት ከደረሱ ያ ፍቺ ጠንካራ ነው። ‹‹አይ፣ እንዲህ አድርገሽ እዪው እንጂ›› ማለት ከጀመሩ፣ ያን ሰዓት ፍቺውን የተሸከመው ግጥሙ ሳይሆን እርስዎ ነዎት።

የተፈታ እንቆቅልሽ ምን እንደሚመስል ለማየት የዊሊያምስን ጥንቸል ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መጽሐፉ 15 ሥዕል ነበረው፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ዙሪያ ፊደላት በክፈፍ ተጽፈዋል። ቁልፉ አንድ ደንብ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ካለው ፍጡር ግራ ዓይን ተነስቶ በግራ እጁ ረጅም ጣት በኩል መስመር ይሰመራል፣ መስመሩ ክፈፉ ላይ አንድ ፊደል ይነካል። ከዚያ ከግራ ዓይን በግራ እግር ረጅም ጣት፤ ቀጥሎ ከቀኝ ዓይን በቀኝ እጅ፤ በመጨረሻ ከቀኝ ዓይን በቀኝ እግር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ቃል ወይም ሐረግ ይወጣል። ሲገጣጠም የካተሪን ረጅም ጣት መሬቱን እንደምትጋርድ፣ ቢጫ ክታብ እንደተቀበረ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት እኩለ ቀን ላይ እንደሚያመለክት ይናገራል። ካተሪን የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት፣ የአራጎኗ ካተሪን ናት፤ ጣቷ ቤድፎርድሺር ውስጥ አምፕትሂል ፓርክ የቆመላት የመታሰቢያ መስቀል ነው። ጥላው በዚያ ዕለት የሚያርፍበት ቦታ ጥንቸሏ ተቀብራለች።

ወንድማችን፣ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የየሥዕሉ ቃልና ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ሲወሰዱ ‹‹ክሎዝ ባይ አምፕትሂል›› የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ‹‹አምፕትሂል አጠገብ›› ማለት ነው። ፈቺው ያላስገባው፣ ሊያስገባውም የማይችለው ማረጋገጫ ከመልሱ ሆድ ወጣ። አንዱ ደንብ ለ15ቱም ሥዕል ሠራ እንጂ ለአንዱ በጣት፣ ለሌላው በጆሮ፣ ለሦስተኛው በአፍንጫ መሄድ አላስፈለገም። የእርስዎን 31 በዚህ ሚዛን ይመዝኑት፦ ስንቱ ፍቺ የራሱ የተለየ ደንብ ነው ያለው?

ፕራይስ እንዲህ ያለ የተሰወረ ፊርማ አላስቀመጠም፤ የእሱ ማረጋገጫ መሬት ላይ ነው። ሦስቱ የተገኙት ሙዳዮች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ቺካጎ ላይ፣ በ1983 በተገኘው፣ ‹‹ኤም›› እና ‹‹ቢ›› በድንጋይ ተቀርጸዋል የሚለው ስንኝ በኦርኬስትራ ሆል ፊት ላይ የተጻፉት የሞዛርትና የቤትሆቨን ስሞች ናቸው። የተቀመጠው ‹‹ኤል›› ግራንት ፓርክ ያለው የሊንከን ሐውልት ነው። ‹‹አሥር በአሥራ ሦስት›› የሚለው ደግሞ ቆጥሮ የሚደረስበት የዛፍ ረድፍ። ክሊቭላንድ ላይ፣ በ2004 በተገኘው፣ ግጥሙ ሶቅራጥስን፣ ፒንዳርንና አፔሌስን ይጠራል፤ ሦስቱም ስሞች በግሪኮች የባህል መናፈሻ ውስጥ ተጽፈዋል። ከዚያም ሰባት ደረጃ፣ ከላይ ዘጠነኛ ረድፍ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አሥረኛ ድንጋይ ይላል። የጣት ስፋት ያህል እንኳ ለግምት ቦታ አልተወም። ሰውየው አካባቢውን በምሳሌ ይነግርዎታል፣ መጨረሻው ላይ ግን ያስቆጥርዎታል። እርስዎ ዛፉ ሥር ሲደርሱ ምን ቆጠሩ? ደብዳቤዎ ይህን አይነግረንም፤ የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

ሦስተኛው፣ በቦስተን በ2019 የተገኘው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ያስተምራል። እኛ ሰምና ወርቅ ሲባል የሰማን ሰዎች ነን፤ አንድ ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው ለማመን ሌላው የሚፈጅበትን ጊዜ እኛን አይፈጅብንም። ‹‹ገና ነው›› ብለን ጽፈን ‹‹ጊዜው አልደረሰም›› እና ‹‹የልደት በዓል ነው›› ብለን እናነባለን። የቦስተኑ ግጥም ላይ ቤትህ እንዳለህ ይሰማህ የሚል ስንኝ አለ። ሰሙ እንግዳ ተቀባይነት ነው። ወርቁ ግን ቤዝቦል ነው፦ መቺው የሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ‹‹ሆም›› ይባላል፤ ሙዳዩም የተገኘው ላንጎን ፓርክ ባለው የቤዝቦል ሜዳ፣ እዚያው ሰሌዳ አካባቢ፣ ሜዳው ሲታደስ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ፣ ቤዝቦል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ይህን አያገኘውም። ለዚህ ነው ስንኞቹን በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ላደገ የሥራ ባልደረባ ማስነበብ የሚያስፈልግዎ። ትርጉሙን አይጠይቁት። ‹‹ይህ ቃል ልጅ ሆነህ ምን ምን ላይ ትሰማው ነበር?›› ይበሉት፤ የልጆች ዘፈን፣ ጨዋታ፣ የመንገድ ምልክት፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ።

በዚያው ግጥም ላይ ‹‹አሥራ ስምንተኛ ቀን፣ አሥራ ሁለተኛ ሰዓት፣ በፋኖስ ብርሃን›› የሚል ነገር አለ። አንድ አበሻ ይህን ሲያነብ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም ስትወጣ ይመስለዋል። በእነሱ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ነው፤ የሚያመለክተውም ፖል ሪቪየር የተባለው የአሜሪካ የነጻነት ታጋይ የእንግሊዝን ጦር መምጣት ለማስጠንቀቅ በሚያዝያ 18 ቀን 1775 ያደረገውን የሌሊት ግልቢያ ነው። ስለዚህ ከደብተርዎ ውስጥ ሰዓት፣ ወርና አቅጣጫ የገባባቸውን ፍቺዎች አንድ በአንድ ይመርምሩ፤ ሳያውቁት በእኛ ሰዓት አስበው ሊሆን ይችላል።

ከቅኔ ቤት የሚወሰድ ሌላም ደንብ አለ። ወርቁ ሲገኝ ሰሙ አይሰበርም፤ ያለ ሥራ የሚቀር ቃልም የለም። ከስንኙ ውስጥ ሦስት ቃል ገጥሞ ሁለቱ ከተንጠለጠሉ ፍቺው አልተገኘም። ፊደል ማገላበጥ፣ ፊደልን በቁጥር መተካት፣ ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ በእንቆቅልሽ ዓለም ያሉ ዘዴዎች ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉ ራሱ ‹‹አገላብጥ›› የሚል ፍንጭ ሳይሰጥ አይሠሩ። ሁለት ዘዴ በላይ በላይ ከደረቡማ፣ ከየትኛውም ዓረፍተ ነገር የየትኛውንም ዛፍ ስም ማውጣት ይቻላል።

አሁን ቃል ወደገባነው፣ ወደ እውነተኛው መነሻዎ። 982 ሳውዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ የአንድ ባቡር ሞተር (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ክፍል) ቁጥር ነው፤ ፕራይስ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ያ ሞተር ኸርማን ፓርክ ውስጥ ቆሞ ነበር። ይህ ጥሩ ፍቺ ነው፤ ልዩ ነው፣ ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ ሦስተኛውን ዓምድ ያልፋል። ‹‹አንበሳ የማይፈራው ጫካ›› የሚለው ስንኝ ግን በመካነ እንስሳው ምክንያት ገጥሞልዎ ከሆነ በመካከለኛ ይመዝገብ፤ መካነ እንስሳ ያለው ከተማ ብዙ ነው።

ችግሩ ሞተሩ ዛሬ እዚያ አለመኖሩ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ተነስቶ መሐል ከተማ፣ ከቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ተወስዷል። ከሞተሩ ተነስተው ርምጃ ቆጥረው ከሆነ፣ የተነሱት ከየት ነው? ‹‹እዚህ ጋ ነበር ይላሉ›› ከሚባል ቦታ ከሆነ፣ ያ ‹‹ይላሉ›› አሥርና ሃያ ሜትር ሊስት ይችላል። ሞተሩ ብቻውን አይደለም የተለወጠው። የጃፓን የአትክልት ሥፍራው የተከፈተው በ1992 ነው። ከ31ዱ ውስጥ አንዱ እንኳ የጃፓኑን በር፣ ድልድይ ወይም ፋኖስ የሚጠቅስ ከሆነ ዛሬውኑ ይሰርዙት፤ ፕራይስ ያላየውን ነገር ሊጠቁም አይችልም። ሌላውንም በዚሁ ይፈትሹ፤ እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ መንገድ፣ እያንዳንዱ ዛፍ በ1981 ነበረ? የመረጡት ዛፍ ዙሪያው ስንት ነው? ዛሬ ወፍራም የሆነ ዛፍ ያኔ በእንጨት ተደግፎ የቆመ ችግኝ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማጣራት ገንዘብ አያስፈልግም። የሂውስተን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ታሪክ ፎቶግራፎችና ካርታዎች የሚያስቀምጠው ጁሊያ አይዲሰን በሚባለው ሕንጻ ውስጥ ነው። ሲሄዱ ‹‹ኸርማን ፓርክ፣ ከ1975 እስከ 1985›› ብለው ይጠይቁ፤ ‹‹ሀብት ፍለጋ›› ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስጂኤስ፣ የቆዩ ካርታዎችን በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ከአየር የተነሱ የቆዩ ፎቶዎችም አሉት። አንዱን ፎቶ በኮምፒውተር ከዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ይደርቡ። ለመደረብ ያልተንቀሳቀሱ ሦስት ነጥቦች ይበቃሉ፤ የመንገድ መገናኛ፣ የሕንጻ ጥግ፣ የሐውልት መሠረት። ሞተሩ የቆመበትን ሐዲድ ፎቶው ላይ ካገኙት የመነሻዎ ስህተት ከሃያ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ይወርዳል።

ለምን ሁለት ሜትር ያስጨንቃል? የአፈሩን ሒሳብ አብረን እናስላ። የፕራይስን ሙዳይ ለመፈለግ አንድ ሜትር ያህል መውረድ ያስፈልጋል እንበል። ቦታው በአንድ ሜትር ዙሪያ ከታወቀ፣ የሚወጣው አፈር 3 ኪዩቢክ ሜትር፣ በእርጥብ ጭቃ ክብደት ከ5 ቶን በላይ ነው። በሦስት ሜትር ዙሪያ ከሆነ 28 ኪዩቢክ ሜትር፣ 50 ቶን ገደማ። ይህን አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በአካፋ አያወጣውም። የሂውስተን መሬት ደግሞ ዝናብ ሲመታው የሚያብጥ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሰነጠቅ ጥቁር ጭቃ ነው፤ አገር ቤት መረሬ የምንለውን ያስቡት። በበጋ ዶማ ይመልሳል፣ በክረምት አካፋ ይይዛል። ለአርባ ዓመት ሲያብጥና ሲኮማተር የኖረ መሬት የቀበሩበትን ዕቃ ቀጥ አድርጎ አያቆይም፤ ሣጥኑ ተሰንጥቆ፣ ሙዳዩ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ርምጃም እንዲሁ። የሰው ርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በእያንዳንዱ ርምጃ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሳሳቱ በአሥር ርምጃ አንድ ሜትር ይስታሉ። በአቅጣጫ አምስት ዲግሪ መሳት በአሥር ሜትር ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ያወጣዎታል። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜን ራሱ ከ1981 ወዲህ በጥቂት ዲግሪ ተዛውሯል፤ ለዚያ ዓመት ማስተካከያ ካላደረጉ፣ የያዙት የዛሬን ሰሜን እንጂ ፕራይስ የቆመበትን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍቺዎ ከቆመ፣ ያኔ መቆፈር ይነሳል፤ ግን በፈቃድ። ፓርኩ የከተማው ነው። ለከተማው የፓርኮች መምሪያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፦ የቦታው ካርታ፣ የጉድጓዱ ስፋትና ጥልቀት፣ የሚቆፈርበት ቀንና ሰዓት፣ ሣሩን እንዴት ገምሰው እንደሚመልሱ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጉድጓድ የሚጠይቅ ሰው ይደመጣል፤ ‹‹እዚህ አካባቢ ልፈልግ›› የሚል አይደመጥም። ዛፍ ሥር ከሆነ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሥር የሚቆርጥ ጉድጓድ ማንም አይፈቅድልዎትም። ፈቃዱ ከተገኘ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀደም ብለው 811 ይደውሉ፤ ነፃ ነው። ባለሙያዎች መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምሩልዎታል፤ ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት መስመር፣ አረንጓዴ ፍሳሽ ነው። ይህ የአገልግሎት ድርጅቶቹን መስመር ብቻ ያሳያል፤ የፓርኩን የራሱን የሣር ማጠጫና የመብራት ሽቦ አያሳይም፣ ያን የመምሪያውን ሰው ይጠይቁ። ሌሊት፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ምልክት የተቆፈረ ጉድጓድ ከእስር በፊት በኤሌክትሪክ ሊገድልዎ ይችላል። እስሩም ቀልድ አይደለም፤ በ2010 ፎረስት ፌን የሚባል ሰው በሮኪ ተራሮች የደበቀውን ሀብት ሲፈልግ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ የመቃብር ቦታ የቆፈረ ሰው ስድስት ወር ተፈርዶበታል። በዚያው ፍለጋ ቢያንስ አምስት ሰዎች ሞተዋል፤ ሀብቱ በ2020 ዋዮሚንግ ውስጥ ተገኘ፣ እነሱ ግን አልተመለሱም።

ሲቆፍሩ ከጎን ሸራ አንጥፈው አፈሩን እዚያ ላይ ይጣሉ፤ እያንዳንዱን አካፋ በ1 ሳንቲ ሜትር ወንፊት ያሳልፉ፣ የማያልፈውን ጓል በእጅ ይፈርፍሩ። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። የዊሊያምስን እንቆቅልሽ በትክክል የፈቱት ሁለት የፊዚክስ መምህራን ቦታው ድረስ ሄደው ቆፍረው ነበር። የሚነገረው፣ የሸክላው ዕቃ ከአፈሩ ጋር ወጥቶ ክምሩ ውስጥ ሳያዩት አለፉ፤ ከእነሱ በኋላ የመጣ፣ ስለ ቦታው ከሠዓሊው የቀድሞ ፍቅረኛ በኩል የሰማ ሰው አነሳው። ማጭበርበሩ በጋዜጣ የተጋለጠው በ1988 ነው። ትክክለኛ ፍቺ የነበራቸው ሰዎች በወንፊት ማጣት ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ስለ ቤትዎ ጥቂት እንበል። ዕንቁዎቹ በጊዜው እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይገመቱ ነበር። ፕራይስ በ2005 በመኪና አደጋ ሞቷል፤ የቦስተኑ ፈቺ ዕንቁውን የተረከበው ከቤተሰቡ ነው። ሽልማቱ አለ፣ ግን የአንድ ዓመት ሌሊት የሚመልስ ገንዘብ አይደለም። በሳምንት አራት ሰዓት ይመድቡ፣ ሰዓቱን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፣ ሲያልቅ ደብተሩን ይዝጉ። ብቻዎንም አይሥሩ። ቺካጎ የፈቱት ሦስት ወጣቶች ነበሩ፣ ክሊቭላንድ ሁለት፣ ጥንቸሏንም ሁለት መምህራን፤ አብሮ የሚሠራ ሰው ‹‹ይሄማ አልገጠመም›› የሚል ሰው ነው፣ እርስዎ ደግሞ ለአንድ ዓመት ይህን የሚልዎ ሰው አልነበረዎትም።

ሜሞሪያል ፓርክ ሲሄዱ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ። ታላቁ መዝጋቢ ይሁን፣ ታናሹ ደረጃና ምሰሶ ይቁጠር፤ ‹‹አባዬ ይሄ እኮ ወፍ አይመስልም›› ካሉዎት ይሰረዝ። ስድስቱ ሰዓት ሲያልቅ ስንት እንደገጠመ ቁጥሩን ይላኩልን፤ ዛፉ ሥር ምን እንደቆጠሩም አብረው ይጻፉልን።